ለነገ የማይባል ሕመም

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡችላ ለምታሳድጉ ነው። እኛ ባደግንበት ዘመን ውሻ የግቢ ዘበኛ ነበር። አጥር ሥር ይታሰራል፣ ትራፊ ይጣልለታል፤ ሲታመም ወይ በራሱ ይድናል ወይ ይሞታል እንጂ ሐኪም ጋ መውሰድ ለብዙው ሰው በሐሳቡም አይመጣም ነበር። እናንተ ግን ስም አውጥታችሁለት፣ ከጎናችሁ አስተኝታችሁት፣ ኮቴያችሁን ለይቶ በር ላይ ሲጠብቃችሁ እያያችሁ ነው የምታሳድጉት። ስለዚህ በድንገት ሲታመምባችሁ መደንገጣችሁ አይገርመኝም። «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» የሚላችሁ ታላቅ ሰው አይጠፋም። እሱን ለጊዜው ተዉት። እናንተን ብሎ የተጠጋ ፍጡር ሲታመም ማሳከም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔ የምሰጋው በሌላ ነገር ነው፤ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» በሚለው አነጋገር።

ትልቅ ውሻ ቀኑን ሙሉ ምግብ ቢተው፣ አንዴም ቢያስመልሰው፣ ብዙ ጊዜ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ቡችላ እንዲህ አይደለም። 2 ኪሎ የማይሞላ ሰውነት ያጠራቀመው ውሃም ስኳርም ትንሽ ነው፤ ማስመለስና ተቅማጥ አንድ ላይ ሲመጡበት በሰዓታት ውስጥ አቅሙ ይሟጠጣል። ማታ ሲቦርቅ ያመሸው ጠዋት ቀና ማለት ሲያቅተው የምታዩት ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ ፓርቮ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በውሾች ላይ ታውቆ በ2 ዓመት ገደማ ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ቫይረስ ነው። በአብዛኛው የሚጠናባቸው ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ዕድሜ ያላቸው ቡችሎች ናቸው። ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል፤ እነሱም በዋናነት በአንጀት ግድግዳና በመቅኔ ውስጥ ያሉት ናቸው። የአንጀቱ ግድግዳ ሲላጥ ውሃና ምግብ ማስቀረት አይችልም፣ ይደማል፣ አንጀት ውስጥ የነበረው ባክቴሪያም ወደ ደም ይሻገራል። በዚያው ሰዓት መቅኔው ስለተጎዳ ያንን ባክቴሪያ የሚመክተው ነጭ የደም ሕዋስ ተመናምኗል። መጀመሪያ ድብት ይላል፣ ምግብ ይተዋል፤ ቀጥሎ ማስመለስ፣ ከዚያም ሽታው ቤቱን የሚሞላ፣ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ካልታከመ ከ10 ቡችላ 1 ቢተርፍ ነው። በጊዜ ደርሶ በደንብ ከታከመ ግን ከ10 ውስጥ 8ቱ ወይም 9ኙ ይድናሉ። ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ልዩነት ነው።

እርግጥ ነው ያስመለሰው ሁሉ ፓርቮ አይደለም። የሆድ ትል ሊሆን ይችላል፣ የዋጠው ጨርቅ ወይም አጥንት ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ያስቀመጠው የአይጥ መርዝም ይኖራል፤ አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደሙን እንዳይረጋ አድርጎ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። የበዓል ማግስት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ ትራፊ ለቡችላ መስጠት ደግነት የሚመስላችሁ ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ። ለማንኛውም የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው፤ የእናንተ ድርሻ ቶሎ ማድረስ ነው።

ቡችላውን ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረከረከ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ ወይም ድምፁ ከተቀየረ እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ አፍ መፈልቀቅ በሀገራችን አደገኛ ነገር ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው ይገድልብናል፣ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላም ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ከነከሳችሁ፣ ከቧጨራችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱና ክትባት ጀምሩ። ቡችላው ቢሞትም ቀብሮ ከመገላገል በፊት ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ዛሬም «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የእብድ ውሻ በሽታን በላቦራቶሪ ይመረምራል። የቡችላ ፍቅር ያለው ሰው ይህን ችላ ሲል ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ያ ሥጋት ከሌለ የላይኛውን ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው። በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ከደረቀና ጣት ላይ ከተጣበቀ፣ ወይም ቀለሙ ለመመለስ ከዘገየ፣ ከዚያ በኋላ የምታማክሩት ዘመድ የለም፤ ተነሡ። ከትከሻው በላይ ያለው ቆዳ ሲሳብ ቆሞ ከቀረም ድርቀቱ ጠንቷል ማለት ነው። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ቡችላ ካላችሁ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን እዩ።

እቤት የሚሞከረውን መድኃኒት በተመለከተ ቆጣ ብዬ ብናገር አትቀየሙኝ። ፌጦ በሎሚ፣ አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ጥሬ እንቁላል፤ ይህ ሁሉ ለታመመ ቡችላ ሲሰጥ አይቻለሁ፣ የረዳውን ግን አላየሁም። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ውሻን ይመርዛል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ለእናንተ ራስ ምታት የሚሆኑ ናቸው፤ ለቡችላ ጉበት፣ ኩላሊትና ጨጓራ ግን ጥፋት ናቸው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ቴትራሳይክሊን ገልብጦ በውሃ መበጥበጥም አንድ ቀን ከማባከን በቀር ትርጉም የለውም። ውሃ በግድ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ አቅም ያነሰው ቡችላ ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ፍዝዝ ካለ ግን መንገድ ላይ ትንሽ ማር ወይም የስኳር ውሃ በጣት ድዱን መቀባት ትችላላችሁ፤ ስኳሩ ወርዶ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ሐኪሙ። የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ውሻ አያክምም፤ የብዙዎቹ ሥራ ከብት፣ በግና ዶሮ ነው። ስለዚህ ቡችላ ቤታችሁ በገባ ሳምንት ውሻ የሚያክም ክሊኒክ አፈላልጉ፤ ማታ ስልክ የሚያነሣው ማን ነው፣ እሑድና በበዓል ቀን ይሠራሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ያዙ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው፤ ጎንደርም እንዲሁ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። የታመመ እንስሳ ይዞ ከታክሲ ተራ ቆሞ ስልክ መፈለግ ከባድ ነው። ሚኒባስ ቡችላ አይጭንም፤ የራይድ ሹፌርም ሲደርስ አይቶ ጥሎ እንዳይሄድ አስቀድማችሁ በስልክ ንገሩት፣ ካርቶን ውስጥ ፕላስቲክና ፎጣ አንጥፋችሁ መያዛችሁንም ንገሩት። ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርሱ መሬት አታውርዱት፤ ፓርቮ ከሆነ የሌላውን ሰው ቡችላ ታስይዛላችሁ።

ዶክተሩ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። መቼ ጀመረው፣ ስንት ጊዜ አስመለሰው፣ ምን በላ፣ ምን መርዝ በአካባቢው አለ፣ ምን መድኃኒት ሰጣችሁት። ያስመለሰውን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ብታሳዩት ብዙ ቃል ታተርፋላችሁ። ያልተከተበ ከሆነ «ተከትቧል» ብላችሁ አትሸፍኑ፤ ያቺ ቃል ሐኪሙን ወደ ሌላ በሽታ ትመራዋለች። እሱም ከፊንጢጣው በጥጥ ናሙና ወስዶ በትንሽዬ መመርመሪያ ላይ ያንጠባጥባል፤ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ የፊት እግሩን ፀጉር በጣት ስፋት ያህል ይላጭና ደም ሥር ይፈልጋል። የደረቀ ቡችላ ደም ሥር ከክር ይቀጥናል፤ መርፌው አንዴ ሁለቴ ቢስት ሐኪሙን አትቆጡት፣ የቡችላውን ራስ ቀስ ብላችሁ ደግፋችሁ ያዙ። ሁላችንም «ጉሉኮስ» የምንለው ፈሳሽ ሲንጠባጠብ የምታዩት ዋናው ሕክምና እሱ ነው። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል የተለመደ መድኃኒት የለም፤ ፈሳሹ የጠፋውን ውሃ ይተካል፣ ማስመለስ የሚያቆም መርፌ ይጨመራል፣ ወደ ደም ለተሻገረው ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ማስመለሱ ጋብ ሲልም በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ይጀመራል። የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው፤ 4ኛውን ቀን ያለፈ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ገንዘቡ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ተማሪ ናችሁ፣ ወይ ገና ሥራ ጀማሪ። አፍራችሁ ከመቅረት «ዶክተር፣ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ፓርቮ የያዛቸውን 40 ውሾች ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ተኝተው በደም ሥር ሲታከሙ ከ20ው 18ቱ ዳኑ። ሌሎቹ መጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ከተረጋጉ በኋላ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ እየተወጉና ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት እየተሰጣቸው እንደ ተመላላሽ ታከሙ፤ ከ20ው 16ቱ ዳኑ። ማስተኛት ባትችሉም እንግዲህ በሩ አልተዘጋም። ግን ተመላላሽ ማለት ቀን በቀን መመላለስ ነው፤ አንዱን ቀን መዝለል አይቻልም። ጓደኞቻችሁ መካከል ብር ማዋጣት የሚችል ከሌለ አብሯችሁ የሚያድር፣ በተራ የሚያመላልስ ይኖራል። ጠይቁት።

ሁሉንም አድርጋችሁ የማይድንበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ማሠቃየት ነው» ካላችሁና በመርፌ እንዲያርፍ ቢመክራችሁ ውሳኔውን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፣ ከቻላችሁ አጠገቡ ቁሙ። ካለቀሳችሁ አልቅሱ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ «ጠፋ» ወይም «ለሰው ሰጠነው» አትበሉት፤ በየበሩ እየወጣ ሲጠብቀው ይከርማል። መሞቱን ንገሩት፣ ሲቀበር ይይ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል።

ሐዘናችሁን ለመርሳት በማግስቱ ሌላ ቡችላ አታምጡ። የፓርቮ ቫይረስ በሳሙና አይሞትም፣ በግቢ አፈር ውስጥ ለወራት፣ እስከ ዓመትም ይቆያል፣ በጫማ ሶል ይጓዛል። ወለሉንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ 1 ኩባያ በረኪና በ30 ኩባያ ውሃ በጥብጣችሁ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ አቆዩበት። ጨርቁንና መኝታውን አቃጥሉት። ወደዚያ ቤት የሚገባው ቀጣዩ ውሻ ክትባቱን የጨረሰ ይሁን። ፓርቮ ሰውን አይዝም፤ ለሕፃናቱ በዚህ በኩል አትሥጉ።

ክትባቱን ያነሣሁት መጨረሻ ላይ ነው እንጂ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ። መደጋገሙ ገንዘብ ለመብላት አይደለም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል፤ ያ መከላከያ የሚያልቅበት ቀን ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። መንገድ ዳር የ2 ወር ቡችላ ታቅፎ «ክትባቱን ጨርሷል» የሚላችሁ ሻጭ ሊጨርስ የማይችለውን ነው የሚነግራችሁ። ደብተሩን አሳየኝ በሉት፤ ከክትባቱ ብልቃጥ ላይ የተላጠው ወረቀት ተለጥፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ሐኪም ፈርሞበት መሆን አለበት። የእብድ ውሻ ክትባትም 3 ወር ሲሞላው አይቅር፤ እሱ ለውሻውም ለቤተሰቡም ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ደብተሩን አውጡና የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ እዩ። ቀኑ አልፎ ከሆነ ወይም ደብተሩ ጭራሽ ከሌለ ነገ ጠዋት ክሊኒክ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ እስከዚያው ድረስ ቡችላውን ሌሎች ውሾች ወደሚውሉበት ቦታ አታውጡት።