ማድ ቤት ለማን ያምራል?

በጅማ አዳዲስ ቪላ ቤቶች ሁለት ማድ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። አንዱ ከሳሎን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው በካቢኔት የተሸፈነ፣ እንግዳ ሲያልፍ ዓይኑን የሚጥልበት። ሌላው በጓሮ፣ ከሰርቪስ ክፍሎቹ ተርታ ይገኛል። ሽንኩርት የሚቁላላው፣ ቅቤ የሚነጠረው፣ እንጀራ የሚጋገረው በጓሮው ነው። በቦሳ አዲስና በመሰል ነባር ሰፈሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የጓሮው ብቻ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ውስጡ በጥላሸት የጠቆረ።

አንድ ቤተሰብ የሚያምረውንና የሚሠራበትን ለያይቶ ሁለት ጊዜ ሲገነባ ሳያስበው አንድ የፍልስፍና አቋም ይዟል፤ ውበት ለሚያይ፣ ጥቅም ለሚሠራ የሚል። አቋሙ ልክ ነው ወይ?

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ይህን ጥያቄ ከ2,300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት እስከ ምድጃ ድረስ ወስዶት ነበር። «ታላቁ ሂፒያስ» በሚባለው ምልልሱ ውስጥ ሶቅራጥስ ሂፒያስ የተባለውን መምህር ውበት ምን እንደሆነ እንዲነግረው ይወተውተዋል። ሂፒያስ ወርቅ የነካው ሁሉ ያምራል ሲል፣ ሶቅራጥስ በጥራጥሬ ሾርባ የተሞላ የሸክላ ድስት በሐሳብ ፊቱ ያስቀምጥለታል። ይህን ለማማሰል የሚገባው የወርቅ ማማሰያ ነው ወይስ ከበለስ እንጨት የተሠራው? የእንጨቱ ለሾርባው መልካም ሽታ ይሰጠዋል። የወርቁ ድስቱን ሰብሮ ሾርባውን ሊያፈስ፣ እሳቱንም ሊያጠፋ ይችላል። በሸክላ ድስት ሽሮ የሠራ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ሶቅራጥስ ግን በዚህ አይረካም፤ ለሥራው መስማማት ዕቃውን በእርግጥ ያሳምረዋል ወይስ ያማረ ያስመስለዋል ብሎ ይቀጥላል። ምልልሱም መልስ ሳያገኝ ያበቃል።

ጅማ ለዚህ ክርክር የራሷ ማስረጃ አላት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ዝናው ከከተማዋ አልፎ የሄደ የእጅ ሥራ ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም፤ መወላገድ የሚመጣው አራተኛ እግር ሲጨመር ነው። ጉልቻም ሦስት ነው፤ ድስቱ በዚያው ሕግ ይረጋል። የበርጩማው መቀመጫ ጎድጎድ ያለው ሰውነትን እንዲቀበል ነው፤ ዓይን የሚስበውም ያው ጎድጓዳነቱ ነው። ጠራቢው መጀመሪያ የሚጠቅመውን ሠርቶ በኋላ ውበት አልጨመረበትም፤ በአንድ መጥረቢያ ሁለቱን አወጣቸው።

የቡናው ጥግ ከዚህም ያልፋል። በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም ቡና የምታፈላዋ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ምድጃው ከፊቷ፣ ረከቦቱ ከነሲኒዎቹ እጇ በሚደርስበት፣ ሙቀጫና ዘነዘናው ከጎኗ ነው። አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ እስክትቀዳ ድረስ ብዙም መነሣት አያስፈልጋትም። የተቆላው ቡና እያጨሰ በሰው ፊት ይዞራል፤ አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ጨዋታው አይቋረጥም፤ እሷም የጨዋታው መካከል ናት። የሥራ ቦታ አደረጃጀት የሚያጠና ሰው ከዚህ ጥግ ብዙ ይማራል።

ይህችው ሴት ግን ትንሽ ቀደም ብሎ በጓሮ ጎንበስ ብላ እሳት ስታራግብ፣ ዓይኗ በጭስ ሲያነባ ነበር። እጇ ያው፣ ሙያዋም ያው ነው። የተለወጠው የተቀመጠችበት ቦታና የሚያያት ሰው መኖሩ ነው። የድሀውን ጓሮ አቅም ማጣት ያስረዳዋል። የቪላውን ጓሮ ግን ምን ያስረዳዋል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ ለሹም ሽር የሚነገር ቢሆንም፣ መለኪያው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። የሚለካው ወጡ ነው፤ እሳቱን እፍ የምትለው በሒሳቡ ውስጥ የለችም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ ሞተዋል፤ ዋናው ምንጩም በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ማብሰል ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራጨው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። እንጀራው ያው እንጀራ ነው። የጋጋሪዋ ፊት ግን ከነበልባል ይተርፋል፤ የምትሸከመው እንጨትም ይቀንሳል።

ጭስ ባለውለታ እንደነበርም መካድ አይገባም። የሣር ክዳንን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ከምድጃ በላይ የተንጠለጠለ የበቆሎ ዘር እንዳይነቅዝ ያደርጋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያው ውለታ ቀርቷል፤ ለዘሩም ሌላ ማስቀመጫ ይገኛል።

ስለ ማድ ቤት አሠራር በዓለም ዙሪያ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የፍራንክፈርት ማድ ቤት ነው። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ነደፈችው፤ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ ተለክቶ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ 10,000 በሚጠጉ መኖሪያዎች ተገጥሟል። የባቡር ምግብ ቤት ጠባብ ማድ ቤት አንዱ አርአያዋ ነበር። ድካም ቀንሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ክፍሉ የተለካው ለአንዲት ሴት ብቻ በመሆኑ ከቤተሰቧ ለይቶ ዘግቶባታል ተብሎ በኋላ ተተችቷል። ሠርግ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ሽንኩርት ለሚከትፍበት አገር እንዲህ ያለ ጠባብ ክፍል ፈጽሞ አይሆንም።

የቪላው ካቢኔት የሚቸገረውም እንዲሁ ከአገሩ ሥራ ጋር ባለመስማማቱ ነው። ከውጭ የተቀዳው የመሥሪያ ጠረጴዛ ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቆሞ ለመክተፍ ይመቻል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲቀመጥበት ግን ጋጋሪዋ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች እስክታፈስ ክንዷ ወደ ትከሻዋ ይሰቀላል፤ ክዳኑን ስታነሣ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል፤ ካቢኔቱም በእርጥበት ያብጣል። ምጣዱ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ጋጋሪዋም ትከተለዋለች።

ሃይማኖት ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤተልሔም አለ፤ ቦታውም ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ነው። ምእመን ወደዚያ ምድጃ አይገባም፤ ንጽሕናው ግን በጥብቅ ይጠበቃል፤ ኅብስቱም በዲያቆናት ተይዞ ደወል እየተደወለ ወደ መቅደስ ያልፋል። በእስልምና ደግሞ በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ የሰፈረ ትምህርት አላህ በነገር ሁሉ አሳምሮ መሥራትን እንደደነገገ ይናገራል፤ ምሳሌ ከሚያደርገውም አንዱ ዕርድ ነው፤ አራጁ ቢላውን ይሳል፣ እንስሳውን አያሠቃይ ይላል። በአንዱ ዘንድ ማንም የማያየው ምድጃ ክብር አለው፤ በሌላው ዘንድ የቢላ ስለት ራሱ ርኅራኄ ነው። ሁለቱ እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩባት ጅማ የጓሮው ማድ ቤት ከዚህ ትምህርት ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል። ባለቤቱና መሐንዲሱ ፕላን ሲነድፉ የምታበስለውን ይጠይቁ ማለት ቀላል ነው፤ በብዙ ቤት ግን የምታበስለው ገና ያልተቀጠረች ሠራተኛ ናት፤ ስሟም አይታወቅም። ስለዚህ ቤቱ ለማያውቁት ሰው ታስቦ መሠራት አለበት። ምጣዱ ከወገብ ዝቅ ባለ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ጭስ ማውጫው ከክዳኑ በላይ ይለፍ፤ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ ለቆሻሻ ውሃ ቦይ፣ ለአራት ሰው መቀመጫ የሚሆን ስፋት ይኑር። የጅማ ዝናብ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይለቅ ከማድ ቤቱ እስከ ሳሎኑ በር ክዳን ያለው መተላለፊያ ያስፈልጋል፤ ወጥ ይዛ የምትሮጠው ሰው እንዳትበሰብስ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሲሚንቶ፣ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ተጨማሪ መስኮት ነው።