አባቱን ሊጠይቅ የሄደው ሹም

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ቅዳሜም የሥራ ቀኑ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ይውላል። ማታ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዞ፣ አራብሳ ያለው ኮንዶሚኒየሙ ሲደርስ መሽቷል። የምትቀረው እሑድ ናት፤ እሷንም ቤተ ክርስቲያኑ፣ ልብስ አጠባው፣ የጓደኛ ሠርጉና የባልደረባ ለቅሶው ይሻሟታል። እናቱ ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ የተሳፈረ ሰው ከምሳ በፊት ይደርሳል። እሱ ግን «ለፋሲካ እመጣለሁ» ይልና ፋሲካው ያልፋል፤ «ለእንቁጣጣሽ» ይልና አዲሱ ዓመት ይገባል።

ወላጆቻቸው እዚሁ አዲስ አበባ ያሉትም ከዚህ አልዳኑም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ወጥቷል። ትናንት በእግር ይገባበት የነበረው የአባት ቤት ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ይጠይቃል።

ገንዘቡ ግን ይደርሳል። ድሮ ለእናቱ ብር የሚልክ ሰው ወደዚያ የሚሄድ የአገር ሰው ይፈልግ ነበር። መልእክተኛው ቤት ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ «ደህና ነው፤ ትንሽ ከስቷል እንጂ» ብሎ ወሬውን ሳይናገር አይወጣም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብሩ በአንድ ደቂቃ ይገባል፤ ወሬውን የሚያደርስ ሰው ግን የለም።

የሚልክ ልጅ አይናቅ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለታክሲ ሳይበቃው ለእናቱ መድኃኒት የሚቆርጥ ወጣት እግዚአብሔር የሚያየውን ሥራ እየሠራ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የምናነበው ዮሴፍም አስቀድሞ ልኳል። በፈርዖን ፊት ሲቆም ገና 30 ዓመቱ ነበር፤ የግብፅ እህል ሁሉ በእጁ፣ የንጉሡ ቀለበትም በጣቱ ነበር። ለአባቱ 10 አህዮች የግብፅን በረከት፣ 10 እንስት አህዮች ደግሞ እህልና ስንቅ ጭኖ ላከለት። ሰረገላም ጨመረለት። የአባቱ የያዕቆብ መንፈስ የታደሰችው እነዚያን ሰረገላዎች ሲያይ ነው።

ነገር ግን ሹሙ በላከው አልተወሰነም። አባቱ በግብፅ ምድር ወዳለችው ጌሤም ሲደርስ ሰረገላውን አዘጋጅቶ ራሱ ሄደ፤ አንገቱን አቅፎ ብዙ አለቀሰ። ያን ጊዜ የሰባቱ ዓመት ረሃብ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ አምስት ዓመት ይቀረዋል፤ እህል ፈላጊው ሁሉ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖረ። በመጨረሻ «አባትህ ታሟል» ሲሉት፣ ዮሴፍ ሐኪም ልኮ አልቀረም፤ ሁለቱን ልጆቹን ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ ሄደ።

ለከተማ ልጅ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ አልጋ አጠገብ ነው። ዮሴፍ ግንባሩን ወደ ምድር ደፍቶ ሰገደ። ታላቁ ልጁ በአያቱ ቀኝ፣ ታናሹ በግራ እንዲሆን አድርጎ አቀረባቸው። ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ግን እጆቹን አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ ላይ ጫነ። ዮሴፍ ቅር አለውና የአባቱን እጅ ይዞ ሊያስተካክል ሞከረ፤ አባቱ እንቢ አለ። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። አገር የሚታዘዝለት ሰው፣ ምርቃቱን አባቱ እንደሰጠው ተቀበለ።

ከከተማ የሚመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው። መምጣቱንስ መጣ፤ የመጣው ግን አለቃ ሆኖ ነው። ገና ከመግባቱ «እማዬ፣ ጨው ቀንሺ አላልኩሽም?» ይላል። የመድኃኒቱን ፍሬ ይቆጥራል፤ ጣሪያውን ያያል፤ ሠራተኛዋን ይመረምራል። እናት «እሺ ልጄ» ይላሉ። ዲፎው ከትናንት ጀምሮ በኮባ ተጋግሮ ተቀምጧል። ቡናው ይፈላል፤ አቦሉን ስልኩን እያየ ይጠጣል፤ ቶናው ላይ ሰዓቱን ያያል፤ በረካው ሳይቀዳ «መኪና ያመልጠኛል» ብሎ ይነሣል። እናት ይቻኮሉና በርበሬና ሽሮ በፌስታል ቋጥረው፣ ቆሎም ጨምረው ያቀርቡለታል። «ተይው እማዬ፣ እዚያ ሁሉም ይሸጣል» ይላቸዋል። እሳቸውም ፌስታሉን ወደ ጓዳ ይመልሱታል።

በዚያች ደቂቃ የተመለሰው በርበሬ ብቻ አይደለም። እናት ለልጇ የምትሰጠው ነገር አላት፤ የሚቀበላት ትፈልጋለች። ልጁ ወር በወር እየላከ፣ ከእሷ ግን ምንም ሳይቀበል ሲቀር፣ ሳያውቀው ተጧሪ ብቻ አድርጓታል። ወላጅን ማክበር መስጠትን ብቻ ሳይሆን መቀበልንም ይጠይቃል፤ ዳቦውን፣ ምክሩን፣ አሥር ጊዜ የሰማውን የአጎቱን ታሪክ፣ በራሱ ላይ የሚጫነውን እጅ።

ጊዜ የለም የሚባለውም በቅጡ ይታይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ወላጅ ሲሞት ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ይህን ሁለተኛውን ለመጠየቅ የሚያፍር ሠራተኛ የለም። አለቃው ያለ ጥያቄ ይፈርማል፤ ባልደረቦቹ ብር አዋጥተው፣ መኪና ተከራይተው ደብረ ብርሃን ድረስ ለቅሶ ይደርሳሉ። መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ያቺ እናት በሕይወት ሳለች ያን መንገድ ረጅም ያደረገው ማን ነበር? ዮሴፍም ከፈርዖን ፈቃድ ጠይቆ አባቱን ከነዓን ወስዶ ቀብሯል፤ በሰረገላና በፈረሰኞች ታጅቦ 7 ቀን አልቅሷል። ቢሆንም ከቀብሩ በፊት ጌሤምን ያውቃት ነበር።

እንግዲህ ከ16ቱ የፈቃድ ቀን አርብና ቅዳሜ ይውጡ። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ያዘጋጀ ወጣት አርብ ጠዋት ከላምበረት ተነሥቶ ሁለት ሌሊት እናቱ ቤት አድሮ እሑድ ማታ ይመለሳል። ልጅ ያለው ልጁን ይያዝ፤ ምናሴና ኤፍሬም የአያታቸውን ምርቃት ያገኙት አባታቸው ይዟቸው ስለሄደ ነው። የክፍል ኃላፊ የሆነም፣ ሠራተኛው «እናቴን ልጠይቅ ነው» ብሎ የፈቃድ ቅጽ ሲያቀርብለት፣ ለለቅሶ በሚፈርምበት ፍጥነት ይፈርምለት።