ዝግጁነት የማን ግዴታ ነው?

አንድ አገር ለአዲስ ነገር ተዘጋጅቷል ወይስ አልተዘጋጀም ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ተቀባዩ እንጂ ሰጪው አይደለም። ዓለም ከጭስ ወደ ጸዳ ኃይል ለመሻገር በሚጣደፍበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ለምዕራብ ጎንደር ቆላም ይቀርባልና፥ ነገሩን በፍርድ ሚዛን ልንመለከተው ወደድን።

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጎረቤት ጋር ብርሃን መካፈል የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ብርቱ ኃይል በጣቢያ ካልተቀነሰና በየመንደሩ ካልተከፋፈለ በቀር ለጎጆ አይሆንምና፥ በዚያ ገጠር ያለች እናት እንጀራዋን የምትጋግረው ዛሬም በእንጨት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

እርሷን «ግራሩን አትቁረጪ፥ ከሰል አትሽጪ» ማለት ቀላል ነው፤ እኛ በቢሮ የተቀመጥን ሰዎችም ብዙ ጊዜ ብለነዋል። ምክሩ እውነት አለው፤ የመተማ ሀብት የሆነው የዕጣን ዛፍ እንኳ በምንጣሮና በእሳት ተመናምኗል፤ ዛፍ ሲያልቅም አስቀድሞ የሚጎዳው የዚያው አገር ሰው ነው። የሆነ ሆኖ ምትክ ሳይሰጡ መከልከል ምክርነቱ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል።

«ሕዝቡ ገና አልነቃም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰሊጡን ለዓለም ገበያ የሚያቀርብ፥ እርሻውን በትራክተር የሚያሳርስ፥ ስልኩን በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ሰው ያለበት አገር አዲስ ነገርን ይፈራል ልንል አንችልም። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን፥ እስከ ደጁ የሚደርስ ሽቦና ዐቅሙ የሚችለው ዋጋ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ለዚህ ግድብ ቆለኛውም እንደ ደገኛው ከኪሱ አዋጥቷል። ስለዚህ ለእርሱ ብርሃን ማድረስ ችሮታ ሳይሆን ዕዳን መክፈል ነው።

እርግጥ ነው፥ ምጣዱ በኤሌክትሪክ የጋለለት ሰው ከዚያ ወዲያ ዛፉን ቢቆርጥ ምክንያት የለውም፤ ያን ጊዜ ብንወቅሰው ወቀሳችን ፍትሕ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን «ቆላው ተዘጋጅቷልን?» ብለን መዝገብ ከመክፈታችን በፊት፥ «እኛስ ተዘጋጅተናልን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።