የአባቴ ቴምብሮች

ወላጅ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሾላ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። ከዚያ ቤት ምንም አይጣልም። የተጣመመ ምስማር በድንጋይ ይቃናል፤ የነተበ ኮሌታ ተፈትቶ ይገለበጣል፤ ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። እማዬ ለውዱእ የምትቀዳልን አንድ ጣሳ ውሃ ነበር። ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በደጃችን እያገሳ ሲያልፍ እንኳ ጣሳዋ ሁለት አትሆንም። ያኔ አፍርበት ነበር። ኢስራፍ ምን እንደሆነ ከኪታብ በፊት ከዚያች ጣሳ መማሬን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አባዬ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ሣጥኑን ስንከፍት ከክርና ከቁልፍ መሐል አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። ውስጡ 23 የፖስታ ቴምብሮች፤ ሁሉም ከደብዳቤ ላይ ተልጠው የደረቁ፣ ማኅተም ያላረፈባቸው። ትዝ አለኝ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከወሎ ዘመድ ደብዳቤ ሲመጣ ገና ሳያነበው ቴምብሩን ወደ ብርሃን ያዞር ነበር። ማኅተሙ ስቶት ከሆነ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ መስኮት ላይ ያደርቀዋል፤ መልስ ሲጻፍ ዱቄት ተበጥብጦ ይለጠፋል። ለጣፊው እኔ ነበርሁ።

ውድ አንባብያን፣ ምስማሩን ያቃናው እጅና ቴምብሩን የላጠው እጅ የሠሩት ሥራ አንድ ነው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ በ1840 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቴምብር ስታወጣ ቴምብሩ ጥቁር፣ ማኅተሙ ቀይ ነበር። ቀዩ ቀለም በቀላሉ እየለቀቀ ቴምብሩን ዳግም ለመለጠፍ ስላመቸ በ1841 ተገለበጠ፤ ቴምብሩ ቀላ፣ ማኅተሙ ጠቆረ። በ1894 እ.ኤ.አ. የወጡት የምኒልክ ዘመን ቴምብሮቻችንም ከሩብ እስከ 16 ግርሽ ተጽፎባቸዋል። ያ ዋጋ ደብዳቤውን ለሚያደርሰው ሰው ድካም የተተመነ ነው። ምስማሩ የእኛው ነበር። ደብዳቤ ያደረሰ ቴምብር ግን ያለቀ ሒሳብ ደረሰኝ ነው።

አንድ ጓደኛዬ «ማኅተሙን የሳቱት እነሱ፤ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። ታዲያ ባለሱቅ ተሳስቶ መልስ ሲያበዛልን ለምን እንመልሳለን? ቁርኣን አባካኞችን እንደሚነቅፍ ሁሉ በሱረቱል ሙጠፊፊን በሚዛን የሚያጎድሉትንም ያስጠነቅቃል።

አባዬ ቋጣሪ እንጂ አጭበርባሪ አልነበረም። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈችውን ቁራጭ እንኳ ጠቅልሎ ይመልሳል። ደንበኛው ግን ፊቱ ቆሞ ያየዋል፤ ፖስታ ቤት ፊት የለውም። (እኔም ከመሥሪያ ቤት ይዤ የገባሁትን እስክሪብቶ ብቆጥር አፍራለሁ።)

የሟች ዕዳ ውርስ ሳይከፋፈል እንደሚከፈል እናውቃለን። ስንት ለጥፌ እንደላክሁ አላስታውስም፤ በዛ አድርጌ 50 ገመትሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ 50 ቴምብር ገዛሁና እቤት ተቀምጬ ቀደድሁት፤ አሮጌዎቹን 23ቱንም ጨመርሁ።

እማዬ ደርሳ ደነገጠች። «ልጄ፣ ይሄ ኢስራፍ አይደለም ወይ?»

ሁሉንም ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ብጥስጣሹን አንድ በአንድ ለቃቅማ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው።

«ለምድጃ ማቀጣጠያ ይሆናል» አለች።