ያረፍንባትን ከተማ እናውቃታለን?

በጥናት ፕሮግራማችን «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ «አብራሪ፤ ዓለምን ማየት እፈልጋለሁ» የሚል አይጠፋም። ምኞቱ መልካም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ ዛሬ አብራሪዎቹ ጓንዡና ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ያድራሉ።

ግን አብራሪው ምን ያያል? ከአውሮፕላን ሲወርድ የተዘጋጀ መኪና አየር መንገዱ ወደ ያዘለት ሆቴል ይወስደዋል። የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ ስለሆነ ከሚቀጥለው በረራ በፊት ማረፍ በሕግ ግዴታው ነው። ውጭው ቀን ቢሆንም ሰውነቱ የሚቆጥረው በአዲስ አበባ ሰዓት ነውና መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ጊዜ ከተረፈው ወጣ ብሎ ገበያ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። ነገር ግን ያችን ከተማ አውቋታል እንላለን?

ከሚሴያችንን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ሰንጥቋት ያልፋል። የአውቶቡስ መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄድና «ከሚሴንማ አውቃታለሁ፤ ሞቃት ናት» ይላል። ሙቀቷን እንጂ ማንን አወቀ?

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ክፈቱ። ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ሊገዙ ወደ ሲካር ገቡ፤ የተነገረን ምግብ ይዘው መመለሳቸው ብቻ ነው። ጌታ ግን ደክሞት ከከተማው ውጭ በጕድጓዱ አጠገብ ተቀመጠና አንዲትን ሳምራዊት ውኃ ለመናት። ከዚያች ልመና ንግግር ተጀመረ፤ የከተማው ሰዎችም ወጥተው ወደ እርሱ መጡ፤ በእነርሱም ዘንድ ሁለት ቀን ቆየ። እንግዲህ ነገሩ የቆይታው ርዝመት አይደለም። የሚገዛ ዕቃ ያገኛል፤ የሚለምን ሰው ያገኛል።

ይህን የምጽፈው ራሴን እየወቀስሁ ነው። ከሚሴ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት። አፋን ኦሮሞዬ ከሰላምታ አያልፍም። ለሙስሊም ጎረቤቶቼ እጸልያለሁ፤ ከእነርሱ ግን አንድም ነገር ለምኜ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ባለቤቴ በሌለችበት ሌሊት ልጄ በትኩሳት ነደደች። ጨንቆኝ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እናትዮዋ ነጠላቸውን ደርበው መጡ፤ እስኪነጋ ልጄን ታቅፈው አደሩ። ጠዋት ቡና አፍልተው «ጀባ» ብለው ሲሰጡኝ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ሳላውቅ ነበር የጸለይሁላቸው! ለካ እኔም ሆቴል ውስጥ ነበርሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ አብራሪ ለመሆን ያብቃችሁ። እስከዚያው ግን ከዚሁ ጀምሩ። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርዱ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም በሚገናኝበት ስፍራ፣ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ቃል አስተምሩን በሉ፤ ውኃ ለምኑ። ጌታችን ለምኖ ካላፈረ፣ እኛን ምን ያሳፍረናል?