የማን ታሪክ ነው?

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስትወርዱ ሊማሊሞን ታገኛላችሁ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገደሉ ተቆርጦ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ቀረ። እኔም ለአጭር ልብ ወለድ ውድድር የእሷን ሐዘን ጻፍኩ፤ የቀየርኩት ስሟን ብቻ ነው።

ቡና ጠርታኝ "ምን ትጽፋለህ የኔ ጌታ?" አለችኝ።

"እንዲያው ነው እማማ" ብዬ ዋሸኋት።

ፈቃድ ከተጠየቀማ ሥነ ጽሑፍ አይኖርም የሚሉ አሉ። ልክ ይሆናሉ። እኔ ግን ለምን ዋሸሁ? ዳኞች የሚመዝኑት ጽሑፉን እንጂ ከማን እንደተወሰደ አይደለም። ያ ዕዳ የጸሐፊው ነው።

በማግስቱ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ሞቱን ጻፍከው፤ ኑሮውስ?" አለችኝ።

እሱን ስጽፍ ቀነ ገደቡ አለፈ። አልቆጨኝም ብል ግን ሁለተኛ መዋሸት ነው።