ለአዲስ ነርሶች፦ መጀመሪያ እርስ በርስ ተዛዘኑ

ልጆቼ፣ ነጩን ጋውን ከለበሳችሁበት ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «ርኅሩኅ ሁኑ» ይላችኋል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በዘለቀው ዕቅዱ ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ አለቃዋ በአስታማሚ ፊት ያዋረደቻት ልጅ፣ ወዲያው ወደ ቀጣዩ አልጋ ስትሄድ ፊቷ እንዴት ይፈታል?

ዋርድ ውስጥ ቁጣ ሲበዛ ስሕተት አይቀንስም፣ ይሰወራል። በሥራ ላይ መርፌ የወጋችሁ እንደሆነ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን እንደሚወሰድ ሁላችሁም ተምራችኋል። ነገር ግን «ዓይንሽ የት ነበር?» መባልን ፈርታ እጇን ታጥባ ዝም የምትል ልጅ አለች። ሰዓቱ ይሄድባታል። የመድኃኒት መጠን የተሳሳተውም እንዲሁ ይደብቃል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ባልደረባችሁ ስሕተቱን ሲነግራችሁ መጀመሪያ «ደግ አደረግህ ነገርከን» በሉት። ምክርና ተግሣጽ ኋላ፣ ለብቻው፣ በር ተዘግቶ ይደርሳል።

ወደ ታካሚው ስትመጡ ስሙን ጥሩ። «አልጋ 7» የሚባል ሰው የለም። አባት የሚሆናችሁን ሰው በሽታ ስለጣለው ብቻ «አንተ» አትበሉት። መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት ምን እንደምትሰጡ፣ ለምን እንደሆነ ንገሩት። አንድ ጥያቄ ሦስቴ የሚጠይቃችሁን አስታማሚ ነገረኛ አትበሉት፤ ፈርቶ ነው፤ ምናልባትም ኮሪደር ላይ ነው ያደረው። ማዋለጃ ክፍል፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት የሚወረወረውን ክፉ ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ አልደግመውም። ስትሰሙት ግን፣ የተናገረችው አንጋፋም ብትሆን፣ ዝም አትበሉ።

ገላ ማጠብና አንሶላ መቀየር ያሳንሰኛል የምትሉም አትጠፉም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያልናቀችውን ሥራ እኛ የምንንቀው በምን ሒሳብ ነው?

ርኅራኄ የጓንት ምትክ ግን አይደለም። ለሁለት ሰው የሚበዛ ዋርድ ለአንዲት ነርስ ሰጥቶ «እንክብካቤያችሁ አነሰ» የሚል ኃላፊ ሲገጥማችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትውጡ። የጎደለውን ሰውና ዕቃ በአክብሮት፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ግልባጩንም ያዙ።

ዋርድ የምትመሩትን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሌሊት በእጁ ላይ ሕፃን ያረፈበትን ተረኛ ጠዋት ርክክብ ላይ ስለ ቻርቱ ብቻ አትጠይቁት። አስቀምጡት፣ ሻይ አስጠጡት፣ ይናገር። ማታ ተመልሶ የሚገባ ከሆነም ተራውን የሚለውጥለት ሰው እናንተው ፈልጉለት።